ዕዳውን በብዕሩ የከፈለ ሰው፤ የሰር ዋልተር ስኮት የሕይወት ታሪክ

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ስለ ኃጢአት ሲነገር ሰው ሁሉ ሌባውንና ነፍሰ ገዳዩን ያስባል። ገንዘቡን ሊጠይቅ የመጣውን ወንድሙን ከሩቅ አይቶ በጓሮ በር የሚወጣውን ግን ማንም ከኃጢአተኞች ጋራ አይቈጥረውም፤ እርሱም ራሱን አይቈጥርም። እሑድ ይጸልያል፥ ይዘምራል፤ ሰኞ የባለገንዘቡን ደጅ እንዳያልፍ መንገዱን ያዞራል። ይህ ነገር በፍኖተ ሰላምም፥ በቡሬም፥ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር ሁሉ የሚታይ ነው። ጎረቤትም ይህን ባየ ጊዜ የሚነቅፈው ሰውዬውን ብቻ አይደለም፤ የሚያነበውንም ወንጌል ይነቅፋል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ እንደ ትንሽ ነገር አትየው።

ዕዳ በአገራችን በብዙ በር ይገባል። ገበሬው በሐምሌና በነሐሴ ጐተራው ሲጐድል ይበደራል፤ እህሉም ከአውድማ ሳይነሣ አበዳሪው ስልቻ ይዞ ይጠብቀዋል። አንዱ በርበሬው ገና በማሳው ሳለ በርካሽ ዋጋ ያስማማዋል፤ ኋላም በቡሬ ገበያ ዋጋው ሲወደድ የሌላ ሰው ገንዘብ ሆኖ ያየዋል። ሌላውም ለሠርግ፥ ለክርስትናና ለተዝካር ከጎረቤቱ ላለማነስ ሲል ይበደራል። ቀድሞም ስንቱ ርስቱን በወለድ አገድ ሰጥቶ፥ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ባለገንዘቡ ሲያርሰው እያየ፥ ልጆቹ በአባታቸው መሬት ላይ እንግዶች ሆነው አደጉ! በከተማም ደመወዝተኛው ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ የወሩ ደመወዝ ሲደርስ በእጁ ሳያድር ወደ ባለሱቁ ያልፋል። ተማሪውም የጓደኛውን ጫማና ልብስ አይቶ፥ ከትምህርት ቤት ሳይወጣ ዕዳን መማር ይጀምራል።

አባቶቻችን የማይከፍለውን ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋራ በአንድ ሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ አቈራኝተው ያኖሩት ነበር። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይከተላል፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል። ይህ ሥርዓት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ነገር ግን ሰንሰለቱ ከእጅ ቢወርድም ከልብ አልወረደም። ባለዕዳ ሲተኛም ሲነሣም አበዳሪውን በልቡ ተሸክሞ ይዞራል፤ ከዚህም የተነሣ የንጉሡ የሰሎሞን ምሳሌ ተበዳሪውን የአበዳሪው ባሪያ አድርጎ ይቈጥረዋል።

እንግዲህ ትእዛዝ ብቻ ቢነገርህ ትሰለቻለህና፥ የአንድ ሰው ሕይወት እንነግርሃለን። ይህ ሰው የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ ሰር ዋልተር ስኮት ነው። ከዚያው አገር ጄምስ ብሩስ የሚባል መንገደኛ በ1770 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወደ ጎጃም መጥቶ በሰከላ ያለውን የግሽ ዓባይን ምንጭ እንዳየ ከታሪክ የተማርህ ታውቃለህ። ብሩስ ከግሽ ምንጭ አጠገብ ከቆመ ዓመት ሳይሞላ፥ በኦገስት 15 ቀን 1771 ዋልተር ስኮት በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። ስለ እርሱ የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አባቱ የሕግ ሰው ነበረ፤ እናቱም የሐኪም ልጅ ነበረች። ሕፃኑ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሲሆነው ጽኑ በሽታ ያዘውና ቀኝ እግሩ ሰለለ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም እያነከሰ ኖረ። ወላጆቹም የገጠር አየር ይሻለዋል ብለው ወደ አያቱ እርሻ ሰደዱት። በዚያም ከአያቱና ከአክስቱ አጠገብ ተቀምጦ የቀድሞ ሰዎችን ጦርነትና ጀግንነት፥ የአገሩንም ግጥም እየሰማ አደገ። ይህ በምድጃ ዳር የሰማው ወሬ ኋላ ለእርሱ እንጀራ፥ በመከራው ቀንም ዕዳ መክፈያ ሆነለት። እግዚአብሔር ለሰው የሚሰጠው ስጦታ በምን ቀን እንደሚፈለግ አስቀድሞ አይታወቅም።

ባደገም ጊዜ በአባቱ ሥር ሕግን ተማረ፤ በ1792 ጠበቃ ሆነ። በ1797 ሻርሎት የምትባል ሴት አገባ፤ አራት ልጆችም አደጉለት። በ1799 የአንድ አውራጃ ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ በ1806ም የአገሩ የበላይ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነ። ከሁለቱ ሹመቶች የሚያገኘው ገንዘብ ኋላ በዓመት 1,600 ፓውንድ ያህል ደረሰ። ይህም ቤተ ሰቡን በክብር ለማኖር የሚበቃ ነበረ። በዚህ ላይ በ1805 ያወጣው የግጥም መጽሐፍ ስሙን በአገሩ ሁሉ አስጠራው። በ1814ም ዌቨርሊ የተባለውን የልብ ወለድ ታሪክ ስሙን ሳይገልጥ አሳተመ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚያወጣቸው መጻሕፍት በእንግሊዝና በኤውሮጳ ሁሉ ተነበቡ። በ1820 ንጉሡ ሰር የሚያሰኘውን ማዕረግ ሰጠው። ሀብት፥ ክብር፥ ወዳጅ፥ የቤት ደስታ፥ ሰው የሚመኘው ሁሉ ነበረው።

ታዲያ እንደዚህ ያለው ሰው በዕዳ የወደቀው በምን ምክንያት ነው? አንባቢ ሆይ፤ ይህን አጥብቀህ ተመልከት። በድህነት የመጣ ዕዳ ብዙ ነው፤ ዕዳ ግን ከሀብታም ቤትም ይገባልና።

የመጀመሪያው ምክንያት ስውር ሽርክና ነው። በ1805 ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከጄምስ ባለንታይን ጋራ በማተሚያ ቤት ንግድ ገንዘቡን አገባ። ይህንም ነገር ከጥቂቶች በቀር ለማንም አልገለጠም። ኋላም መጻሕፍት የሚያወጣ ሁለተኛ ንግድ ቤት ጨመሩ፤ ያም በ1813 ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስውር ነገር ጠያቂ የለውም፤ ጠያቂ የሌለውም ሒሳብ ይበላሻል። ማተሚያ ቤቱ ስንት እንዳገባና ስንት እንዳወጣ በየጊዜው ቢመረመር ኖሮ ነገሩ ከዚያ ባልደረሰ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የመሬት ፍቅር ነው። በ1811 በትዊድ ወንዝ ዳር አንዲት ትንሽ እርሻ ገዛ፤ ስሟንም አቦትስፎርድ አላት። እርሻዋ አልበቃችውም፤ አጠገቧ ያለውን መሬት ገዛ፥ ደግሞም ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። ጐጆውን አፍርሶ እንደ መኳንንት ግንብ ያለ ቤት ሠራ፤ ቤቱም በ1824 ተጨረሰ። እንግዳ ሁሉ ይመጣል፤ ማዕዱም አይነሣም ነበር። ለዚህ ሁሉ ወጪ ደመወዙ አልበቃም።

ሦስተኛውም ከሁሉ የከፋው ነው። ገና ላልጻፈው መጽሐፍ ዋጋውን አስቀድሞ ይቀበል ነበር። ይህም በማሳው ያለውን በርበሬ ሳይደርስ እንደሚሸጥ ገበሬ ማለት ነው። ዳግመኛም እርሱና ባለንታይን፥ መጻሕፍቱንም የሚያወጣው ነጋዴ ኮንስታብል፥ በዚህ ቀን እከፍላለሁ የሚል የተስፋ ሰነድ እርስ በርሳቸው ይፈራረሙ ነበር። ቀኑ ሲደርስ አሮጌውን በአዲስ ሰነድ ይለውጡታል፤ ወለዱም ይጨመራል። በዚህ ዓይነት በወረቀት ላይ ባለጠጎች ነበሩ፤ በእጃቸው ያለው ገንዘብ ግን ጥቂት ነበረ። ዕዳን በዕዳ መክፈል ማለት ይህ ነው፤ ጉድጓድን በሌላ ጉድጓድ አፈር እንደ መድፈን ያለ ሥራ ነው።

በ1825 መጨረሻ በለንደን ከተማ የባንኮች ድንጋጤ ሆነ፤ ሰዎችም ገንዘባቸውን አምጡ ማለት ጀመሩ። በ1826 ጃንዩወሪ አንድ የለንደን የመጽሐፍ ንግድ ቤት ወደቀ፤ ኮንስታብል ከእርሱ ጋራ ተያይዞ ነበርና ወደቀ፤ ባለንታይንም ከኮንስታብል ጋራ ወደቀ። ስኮትም የባለንታይን ባልንጀራ ነበርና ዕዳው ሁሉ በራሱ ላይ መጣ። ልኩም 120,000 ፓውንድ ያህል ነበረ። የሹመቱን ደመወዝ ምንም ሳይበላ ሁሉን ቢከፍል እንኳ 75 ዓመት ይፈጅበታል። እርሱ ግን በዚያን ጊዜ ዕድሜው 54 ነበረ፤ ሰውነቱም ደክሞ ነበር።

በፊቱ ብዙ መንገድ ነበረለት። የአገሩ ሕግ የከሰረ ነጋዴ ያለውን ሁሉ አስረክቦ ከቀረው ዕዳ ነጻ እንዲወጣ ይፈቅድለት ነበር፤ ብዙዎችም ይህን ያደርጉ ነበር፥ ነውርም አልነበረም። ወዳጆቹም ሊረዱት ተነሡ። ስሙን ያልገለጠ አንድ ሰው 30,000 ፓውንድ ልስጥ ብሎ ላከበት። የልጆቹ የበገና መምህር የነበረ ድኻ ሰውም ያጠራቀመውን 500 ወይም 600 ፓውንድ ውሰድ አለው፤ ያም ምናልባት ያለው ሁሉ ነበረ። ስኮት ሁለቱንም አመስግኖ መለሳቸው። በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሸክሙን ሊያወርድ አልፈቀደም፤ በቀኝ እጁ ሠርቶ ሊከፍል ቈረጠ።

ከዚህም በኋላ ያደረገውን ተመልከት። ለባለገንዘቦቹ ያለውን ሁሉ ገለጠላቸው። ንብረቱንና ከዚያ ወዲያ የሚጽፈውን መጽሐፍ ዋጋ ሁሉ ለባለአደራዎች አስረከበ፤ እነርሱም ለባለገንዘቡ ሁሉ እንደ ዕዳው መጠን እኩል እንዲያካፍሉ ተስማሙ። ለወዳጅ አስቀድሞ፥ ለማያውቁት ኋላ መክፈል አልነበረም። እርሱ ግን በሹመቱ ደመወዝ ብቻ ሊኖር ወሰነ፤ በአቦትስፎርድም እንዲቀመጥ ፈቀዱለት። ባለገንዘቦቹም በዚህ ብልሆች ነበሩ፤ አስረውት ወይም ቤቱን በችኰላ ሸጠውበት ቢሆን ኖሮ ጥቂት አግኝተው ብዙውን ባጡ ነበር። ታግሠው ጊዜ ስለ ሰጡት ግን ሁሉን አገኙ። አንተም አበዳሪ ከሆንህ ይህን ልብ አድርግ።

በኤዲንብራ የነበረውን ብዙ ዓመት የኖረበትን ቤቱን በዚያው ዓመት በማርች ለቀቀ፤ ቤቱም ተሸጠ። በሜይም ሚስቱ ሻርሎት ሞተችበት። ገንዘቡ በሄደ በአራት ወር ውስጥ የቤቱ ብርሃን ጠፋ። ለፍርድ ቤቱ ሥራ ወደ ከተማ ሲመጣ ታላቁ ሰው በኪራይ ክፍል ያድር ነበር። ለራሱ በሚጽፈው የቀን መዝገብ ላይ ኀዘኑን ጽፏል፤ ነገር ግን ከኀዘኑ በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጐህ ሲቀድ ተነሥቶ ይጽፋል፤ ከፍርድ ቤት መልስም ይጽፋል፤ በሽታውም ሲጠናበት ይጽፋል።

በመከራው መጀመሪያ በእጁ ላይ የነበረው ዉድስቶክ የተባለው መጽሐፍ በ1826 ወጥቶ ከ8,000 ፓውንድ በላይ አገባ። በ1827 የናፖሌዎንን ታሪክ በዘጠኝ ክፍል አሳተመ፤ ይህም 18,000 ፓውንድ አስገኘ። ለልጅ ልጁም የስኮትላንድን ታሪክ በቀላል ቋንቋ ጻፈለት፤ ይህም መጽሐፍ በየቤቱ ተወደደ። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሳይሞላ 40,000 ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ። ባለአደራዎቹም ለእያንዳንዱ ባለገንዘብ ከ20 ሺሊንግ ዕዳ 6 ሺሊንግ ከፈሉ። ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ ከዕዳ የሸሸ ሰው ብዙ አይተዋል፥ ወደ ዕዳው ፊቱን አዙሮ የሚሄድ ሰው ግን ጥቂት ነው።

በዚያው በ1827 በአንድ ግብዣ ላይ ስሙን ሰውሮ ያወጣቸው መጻሕፍት ሁሉ የእርሱ እንደ ሆኑ በሰው ፊት ገለጠ። በውድቀቱ ጊዜ የሒሳቡ መጽሐፍ ስለ ተገለጠ ምሥጢሩ ሊሰወር አልቻለም ነበር። አንባቢ ሆይ፤ ዕዳ የሰወሩትን ሁሉ ወደ አደባባይ የሚያወጣ ምስክር ነው። ለሚስትህ ያልነገርኸውን ብድር አንድ ቀን ባለገንዘቡ በደጅህ ቆሞ ይነግራታል፤ ስለዚህ አስቀድመህ አንተ ንገራት።

በ1829 የልብ ወለድ ታሪኮቹን ሁሉ እያረመና ማብራሪያ እየጨመረ በየወሩ አንድ አንድ ክፍል፥ በ5 ሺሊንግ ዋጋ ማሳተም ጀመረ። ቀድሞ መጻሕፍቱ ውድ ነበሩና ባለጠጋ ብቻ ይገዛቸው ነበር፤ አሁን ግን መካከለኛውም ሰው ገዛቸው። ከትልልቁ ትርፍ ይልቅ ይህ ትንሽ ትንሹ ብዙ አገባ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው።

ነገር ግን ሰውነቱ ብዙ ድካም ስለ ቻለ ተሰበረ። በፌብሩወሪ 1830 አንጐሉን ደም መታው፥ አንደበቱም ለጊዜው ተያዘ። ሐኪሞች ዕረፍ አሉት፤ እርሱ ግን አላረፈም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ለሁለተኛ ጊዜ ከ20 ሺሊንግ 3 ሺሊንግ ተከፈለ፤ ያም ከቀድሞው ጋራ 9 ሺሊንግ ሆነ፥ ይኸውም የዕዳው እኩሌታ ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ባለገንዘቦቹም ተሰብስበው ምስጋናቸውን ሊገልጡ ወደዱ፤ በመያዣ የነበሩትን መጻሕፍቱንና የቤቱን ዕቃ ስጦታ አድርገው መለሱለት። የትናንት ከሳሾች የዛሬ ወዳጆች ሆኑ። ይህን ያደረገው የከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛነቱ ነው።

በ1831 በሽታው ደጋገመው። መንግሥትም አክብሮት በጦር መርከብ ተሳፍሮ ወደ ማልታና ወደ ናፖሊ እንዲሄድ አደረገ። በዚያም አእምሮው ደክሞ ስለ ነበረ ዕዳው ሁሉ ያለቀ መሰለው፤ ይህም ደስ አሰኘው፥ አብረውት የነበሩትም አላሳዘኑትም። በ1832 ጁላይ ወደ አቦትስፎርድ ተመለሰ። አንድ ቀን ወደ መጻፊያው አድርሱኝ ብሎ አስቀመጡት፤ ብዕሩን በእጁ ሲያስይዙት ጣቶቹ ሊጨብጡት አልቻሉም፥ ወደቀም። ሽማግሌውም አለቀሰ። በሴፕቴምበር 21 ቀን 1832 በ61 ዓመቱ ዐረፈ፤ በድራይበርግ ገዳም ፍርስራሽም ከአባቶቹ ወገን ጋራ ተቀበረ።

በሞተ ጊዜ የቀረው ዕዳ 54,000 ፓውንድ ያህል ነበረ። የሕይወት መድን ስለ ነበረው 22,000 ፓውንድ ተገኘ፤ ባለአደራዎቹም በእጃቸው ጥቂት ነበራቸው። መጻሕፍቱን የሚያወጣው ካደልም በሚመጣው ሽያጭ ተማምኖ 30,000 ፓውንድ ሰጠ። በ1833 ባለገንዘቦቹ ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ለካደል የቀረው ዕዳ ደግሞ ከመጻሕፍቱ ሽያጭና ከመብታቸው እየተከፈለ በ1847 ተጨረሰ። ሰውየው ከሞተ 15 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሥራው ግን ስለ እርሱ ይከፍል ነበር።

አሁን፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሰው ያለ ነውር አድርገን አናቀርብልህም። ዕዳው የመጣው ከራሱ ስውርነትና ከመሬት ፍቅሩ ነው፤ ሕይወቱንም ያሳጠረው ያ ዕዳ ነው። ሰውነቱን እስኪሰብር መሥራቱን ምሰል አንልህም፤ ሥጋህም የእግዚአብሔር ነውና። ነገር ግን በወደቀበት ጊዜ ያደረገው ነገር ለማንም ባለዕዳ መንገድ ያሳያል። ዕዳህ 120,000 ፓውንድ አይደለም፤ ምናልባት 6,000 ብር ነው። መንገዱ ግን አንድ ነው።

አስቀድመህ ዕዳህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ለማን፥ ስንት፥ በምን ወለድ፥ ለመቼ ቀን እንደ ሆነ። ብዙ ሰው ዕዳውን መቍጠር ስለሚፈራ ከእውነተኛው ይልቅ አብዝቶ ይፈራል ወይም አሳንሶ ይቀልዳል። ሁለተኛም አዲስ ብድር አቁም፤ ለአሮጌው ዕዳ አዲስ አትበደር። ሦስተኛም ባለገንዘቡ ወደ አንተ ሳይመጣ አንተ ወደ እርሱ ሂድ፤ ያለህን ግለጥለት፥ በየወሩ የምትችለውን ያህል ቈርጠህ ንገረው፤ ከምትችለውም በላይ ተስፋ አትስጥ። 6,000 ብር ያለበት ሰው በየወሩ 500 ብር ቢከፍል በ12 ወር ነጻ ይወጣል። የሚከፍልበትንም ቀን የማያሳልፍ ባለዕዳ ከባለጠጋ ይልቅ ይታመናል።

ደግሞ የሚሸጥ ነገር ካለህ ሽጠው። ስኮት የኖረበትን ቤት ከለቀቀ አንተ ስለ ትርፍ ልብስና ስለ ጌጥ አትዘን። የዕለት እንጀራህን ከደመወዝህ አድርግ፤ በትርፍ ጊዜ በእጅህ ሥራ የምታገኘውን ግን ለዕዳ ለይ። ጓሮ ያለው ጎመንና ድንች ይትከል፤ የተማረ ሰው በማታ ልጆችን ያስጠና። ከእቁብ የሚደርስህን ገንዘብም ገና ሳይደርስህ ለግብዣ አታስበው፤ ለባለገንዘብህ አስበው። ለሠርግና ለተዝካርም ባለህ ልክ አድርግ፤ ሙት የሚከበረው ሕያዋን ልጆቹ በዕዳ ሲጠመዱ አይደለም።

ስለ አራጣም ተጠንቀቅ። ከመቶ 10 ብር በየወሩ ብለህ 1,000 ብር ብትበደር በዓመት ወለዱ ብቻ 1,200 ብር ይሆናል፤ ዋናውም እንዳለ ይቆያል። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሰዎች በብድር ውል ከመቶ 12 በላይ የዓመት ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ ያም በ1,000 ብር 120 ብር ብቻ ነው። ልዩነቱን አስተውል። ስለዚህ ብዙ ዕዳ ያለብህ እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድመህ አራጣውን ከራስህ ላይ አንሣ፤ እርሱ ሌሊትም አይተኛምና። አንተም በአራጣ የምታበድር ከሆንህ፥ የድኻውን እህል ከአውድማ ስትወስድ የሚያይ አምላክ እንዳለ አትርሳ።

ዕዳ ከሰው አልፎ መንግሥትንም እንደሚያስር ከአገራችን ታሪክ እንማራለን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓመተ ምሕረት የሐረርን ጉምሩክ መያዣ አድርገው ከኢጣልያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበድረው ነበር። ያም ዘመን የክፉ ቀን ዘመን ነበረ፤ ከብት አልቆ አገሩ ተርቦ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የውጫሌን ውል ባፈረሱበት ጊዜ ብድሩን መልሰው ከፈሉ። በሰው ገንዘብ ታስሮ ነጻ ነኝ ማለት እንደማይስማማ ዐውቀዋልና። በ1888 በዓድዋ የቆመው ሠራዊት የቆመው ያለ ዕዳ ነው።

ምናልባት ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ዕዳዬን ሁሉ ከፍሎልኛል ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ያለብህን፥ አንተ ከቶ ልትከፍለው የማይቻልህን ዕዳ በደሙ ከፍሎልሃል። ነገር ግን የባለሱቁን ዕዳ አንተ ክፈል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን የዳነበት ምልክት የሰውን ገንዘብ መመለሱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎ እንደ ተዋሰ እናነባለን፤ ለሮሜ ሰዎችም ከፍቅር በቀር ለማንም የምንቀርጠው ዕዳ እንዳይኖርብን አስተምሯል። በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን የነበረችውን መበለትም አስብ። ባለገንዘቡ ልጆቿን ባሮች አድርጎ ሊወስድ በመጣ ጊዜ እግዚአብሔር ዘይቷን አበዛላት፤ ነቢዩም በመጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ ከዚያም በቀረው ከልጆቿ ጋራ እንድትኖር አዘዛት። ተአምር ከተደረገላት በኋላ እንኳ ዕዳው በቅድሚያ ተከፈለ።

ስለዚህ፥ የተወደድህ ወንድሜ፥ የተወደድሽም እኅቴ፥ ይህን ወረቀት አንብበህ ስትጨርስ ዝም ብለህ አታስቀምጠው። ዛሬ ማታ ከመተኛትህ አስቀድሞ በእግዚአብሔር ፊት ተንበርክከህ የዕዳህን ቍጥር ጻፍ። ነገም ሩቅ መንገድ የሚያዞርህን ደጅ በቀጥታ ሂድበት፤ ጥቂትም ቢሆን በእጅህ ይዘህ ሂድ። የከተማችን የፍኖተ ሰላም ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ሰላም ባለበት መንገድ ግን የሚሄድ ባለገንዘቡን ሲያይ ፊቱን የማያዞር ሰው ነው። እግዚአብሔር በጥቂቱ የታመነ ልብ ይስጥህ፤ የእጅህንም ሥራ ይባርክልህ። አሜን።